ሪላክሰር የነካው ፀጉር

ትከሻዋ ላይ የሚደርስ ፀጉር ያላት ሴት አንዲት ዘለላ ይዛ ከሥር እስከ ጫፍ በጣቷ ብትዳስሳት፣ በእጇ ያለው የሁለት ዓመት ተኩል ታሪክ ነው። የራስ ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ የአፍሪካውያን ጥቅልል ፀጉር ከዚህም ትንሽ ዘግየት ይላል። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር በምትረዝም ዘለላ ላይ፣ ከራስ ቆዳው አጠገብ ያለው ክፍል ባለፈው ወር የወጣ ሲሆን ጫፉ ቢያንስ 30 ወር አልፎታል። ሥሩ ሪላክሰር የተባለውን የፀጉር ማለስለሻ አይቶ ላያውቅ ይችላል። የፀጉሩ ባለቤት በየሁለት ወሩ ሪላክሰር የምትቀባ ከሆነና ፀጉር ሠሪዋም ክሬሙን እስከ ጫፍ የምታዳርስ ከሆነ ግን ያ ጫፍ አሥራ አምስት ጊዜ ኬሚካል አግኝቶታል። በዚያ ላይ የየሳምንቱ ካስክና ፎን፣ የበዓልና የሠርግ ፔስትራ፣ ምናልባትም ቀለም አለ።

«ፀጉሬ ከአንገቴ አላልፍ አለ፤ ማደጉን አቆመ» የሚሉ ሴቶች ብዙ ናቸው። ፀጉራቸው ማደጉን አላቆመም። ከላይ የሚጨመረውን ያህል ከታች እየተበጠሰ ስለሚያልቅ ነው ባለበት የሚቆመው። ይህን ማወቅ የገንዘብም የጊዜም ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም «ፀጉር ያሳድጋል» ተብሎ አናት ላይ የሚቀባ ነገር ጫፍ ላይ ለሚበጠሰው ፀጉር አይደርስለትም።

ለማረጋገጥ ማበጠሪያ ላይ የቀረውን ማየት ይበቃል። ጫፉ ላይ ነጭ ትንሽ እብጠት ያለባት ረጅም ዘለላ ዕድሜዋን ጨርሳ ከሥሯ የወደቀች ናት። በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ዘለላዎች መውደቃቸው ጤናማ ነው። አጭር፣ ነጭ ሥር የሌላት፣ በሁለቱም ጫፍ የተቆረጠች ቁራጭ ካየን ግን መሐል ላይ የተበጠሰች ናት። የመጀመሪያዋ የሥር ጉዳይ ናት፤ ሁለተኛዋ የአያያዝ። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

ፀጉር የራስ ቆዳን ለቆ ከወጣ በኋላ ሕይወት የለውም። ደም አይደርሰውም፣ ነርቭ የለውም፤ ስንቆርጠውም የማያመን ለዚህ ነው። የተቃጠለ ጣት የሚድነው ሕያው ሴሎች ተባዝተው የጠፋውን ስለሚተኩ ነው። ፀጉር ዘንግ ላይ የሚባዛ ሴል የለም። ስለዚህ የፀጉር ምርቶች ጠርሙስ ላይ «ይጠግናል» ተብሎ የተጻፈውን ስናነብ ሊሆን የሚችለውን ሁለት ነገር ብቻ እናስብ፦ የተጎዳውን ዘንግ ሳይበጠስ ለጥቂት ጊዜ ደግፎ ማቆየት፣ በሌላ በኩል አዲስ የሚበቅለው ያንኑ መከራ እንዳያይ መከላከል። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ በሙሉ እነዚህ ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ በእኔ እምነት ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል።

የዘለላዋን የውጭ ልባስ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው በደንብ የተከደነ የሣር ቤት ጣሪያ ትዝ ይለዋል። ስስ ቅርፊቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው፣ አፋቸውን ወደ ጫፍ መልሰው ከሥር ጀምሮ ይወርዳሉ። በጤነኛ ዘለላ ላይ ከአምስት እስከ አሥር ድርብ ይሆናሉ፤ ከላያቸውም ውኃን የሚገፋ እጅግ ስስ የቅባት ሽፋን አለ። ክዳኑ ሲተኛ ፀጉር ያበራል፣ እርስ በርሱም አይያያዝም። ክዳኑ ሲነሳ ይሻክራል፤ ውኃ ቶሎ ይገባዋል፣ ቶሎም ይወጣዋል።

ከክዳኑ ሥር የፀጉሩ ዋና አካል አለ፤ ጥንካሬውም ቀለሙም የሚገኘው እዚህ ነው። ይህ ክፍል የተሠራው ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን ነው። የኬራቲን ክሮች በሁለት ዓይነት ማሰሪያ ተያይዘዋል። አንደኛው ውኃ የሚፈታው ደካማ ትስስር ነው። በቢጎዲን ተጠቅልሎ ወይም በፎን ተስቦ የተስተካከለ ፀጉር ጠብታ ዝናብ ሲነካው ወደ ቀድሞ ጠባዩ የሚመለሰው ይህ ትስስር በውኃ ተፈትቶ በራሱ መንገድ ስለሚታሰር ነው። ሁለተኛው ሁለት የድኝ አተሞች እጅ ለእጅ የሚያያዙበት፣ ዳይሰልፋይድ የሚባለው ጠንካራ ትስስር ነው። ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተን የዚሁ ድኝ ሽታ ነው። ፀጉር ከርዳዳ ሆኖ የተፈጠረ እንደሆነ በዚያ ቅርጹ የሚያጸናው ይህ ማሰሪያ ነው፤ ውኃ አይፈታውም፣ ሳሙናም አይፈታውም።

ሪላክሰር የሚፈታው ይህንን ነው።

የብዙዎቹ ሪላክሰሮች ዋና ንጥረ ነገር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ የተዘጋ የፍሳሽ ቱቦ ለመክፈት የሚያገለግለው ኮስቲክ ሶዳ። በክሬሙ ውስጥ ያለው ጥቂት በመቶ ብቻ ቢሆንም የሪላክሰር ፒኤች ከ12 እስከ 14 ይደርሳል። የቆዳችን ፒኤች 5 አካባቢ ነው። ከ5 እስከ 13 ስምንት እርከን አለ፤ እያንዳንዱ እርከን አሥር እጥፍ ስለሆነ ልዩነቱ መቶ ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል። ሠሪዋ ጓንት የምታጠልቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ የደንበኛዋ ራስ ቆዳ ግን ጓንት የለውም።

ክሬሙ ሲቀባ ዘለላዋ ታብጣለች፣ ቅርፊቶቹ ይነሳሉ፣ ኬሚካሉ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከሁለቱ ድኞች አንዱን ነቅሎ ያወጣል። ሁለቱ ክሮች በቀረው በአንዱ ድኝ ብቻ ተያይዘው ይቀራሉ። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን ባለ አንድ ድኝ ውሕድ መጀመሪያ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1941 በሶዲየም ካርቦኔት ከተቀቀለ የበግ ሱፍ ውስጥ ሲሆን ላንቲዮኒን ብለው ሰየሙት። ሪላክሰር በተቀባ ፀጉር ላይ ከዋናው ትስስር ሲሶ ያህሉ ወደዚህ ይለወጣል። ተነቅሎ የወጣውን ድኝ የሚመልስ ሻምፖም ሆነ ማስክ የለም። ፀጉሩ ሉጫ ሆኖ የሚቀረውም፣ በዝናብ የማይመለሰውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሪላክሰር ፀጉርን የሚያለሰልስበት መንገድና ፀጉርን የሚጎዳበት መንገድ አንድ ነው። ማሰሪያው ካልተፈታ ፀጉሩ አይተኛም፤ ማሰሪያው ሲፈታ ደግሞ ጥንካሬው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ «ምንም የማይጎዳ ሪላክሰር» የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም። ያለው የመጠን፣ የሰዓትና የጥንቃቄ ልዩነት ነው።

ይህ ቅባት ሰፊ ገበያ ያገኘው አሜሪካ ውስጥ ነው። በትራፊክ መብራትና በጭስ መከላከያ ጭንብል ፈጠራው የሚታወቀው ጥቁር አሜሪካዊ ጋሬት ሞርጋን፣ የስፌት መኪና መርፌ ሱፍ እንዳያቃጥል የሚያደርግ ፈሳሽ ሲሞክር ነገሩ የሱፉን ጭራ ቀጥ ሲያደርግ እንዳስተዋለ ይነገራል፤ ከዚያም በክሊቭላንድ ከተማ የፀጉር ማለስለሻ ኩባንያ አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ጆርጅ ጆንሰን በቺካጎ የራሱን ኩባንያ መሥርቶ መጀመሪያ ለወንዶች፣ ቀጥሎ ለሴቶች ማለስለሻ ማምረት ጀመረ። ዞማ ፀጉር በዘፈን በሚወደስበት በእኛ አገር ይህ ምርት ገበያ ማግኘቱ አያስገርምም።

ጆንሰንና ተከታዮቹ ከሠሩት በኋላ «ላይ» (ኮስቲክ ሶዳ) «የሌለበት» የሚባሉት መጡ። በእነዚህ ውስጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የለም፤ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ክሬምና ጓኒዲን ካርቦኔት ያለበት ፈሳሽ ሊቀባ ሲል ይደባለቃሉ። ቆዳን በመጠኑ የሚምሩ ስለመሰሉ ብዙ ሰው «ለስላሳው» ይላቸዋል፤ ለልጆች የሚሸጠውም ይኸው ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷ የቆዳ ሐኪም ፕሮፌሰር ኖንህላንህላ ኩማሎና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት በገበያ ላይ ያሉ ሪላክሰሮችን ፒኤች ለክተው፣ ለልጆች ተብለው የሚሸጡትን ጨምሮ ሁለቱም ዓይነቶች ቆዳ የሚያቃጥል ደረጃ ላይ መሆናቸውን አሳይተዋል። ለፋሲካና ለገና የስድስትና የሰባት ዓመት ሴት ልጃቸውን ይዘው ፀጉር ቤት ለሚሄዱ እናቶች ይህን ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ፦ ካርቶኑ ላይ የምትስቀው ልጅ ፎቶ ውስጡ ያለውን ነገር አይለውጠውም። ካልሲየም ያለበት ዓይነት ሌላም ጣጣ አለው፤ ዘለላው ላይ የካልሲየም ዝቃጭ ትቶ ፀጉሩን ያደርቀዋል፣ ያደበዝዘዋል።

በተግባር ፀጉር የሚጠፋው በአብዛኛው በአንድ ቀባ ሳይሆን በድግግሞሽ ነው። ሪላክሰር አዲስ ለበቀለው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቀድሞ የተቀባው ክፍል ሥራውን ጨርሷል፤ እንደገና ሲቀባ የሚጨምረው ልስላሴ የለም፣ የሚያጣው ጥንካሬ ግን አለ። አዲሱና አሮጌው የሚገናኙበት መስመር የዘለላዋ ደካማ ቦታ ነው። ከላይ ጠንካራና ጥቅልል፣ ከታች ደካማና ቀጥ ያለ ፀጉር ስለሚገናኙበት ማበጠሪያ ሲሳብ ጫናው ሁሉ እዚያ ያርፋል። ማጅራት ላይና ጆሮ ግንድ አካባቢ ፀጉር ድንገት ተቆርጦ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህ መስመር ላይ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ሰዓት ነው። መያዣው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ገደብ ነው። ሠሪዋ በአንድ ጊዜ ሦስት ሰው እየሠራች ከሆነ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ክሬም ተቀብታ ተራዋን ትጠብቃለች። «ቆጠቆጠኝ እኮ!» ትላለች። «ትንሽ ታገሺ የኔ ቆንጆ፣ እየሠራ ነው» ትባላለች። መቆጥቆጥ ክሬሙ ፀጉሩን አልፎ ቆዳ ማቃጠል የመጀመሩ ምልክት ነው፤ ወዲያው ታጥቦ መውጣት አለበት። ሪላክሰር ከመቀባት በፊት ባሉት ቀናት ራስን ማከክ፣ አጥብቆ ማበጠርና መታጠብ የማይመከረውም በተቧጨረ ቆዳ ላይ ቃጠሎው ስለሚብስ ነው። ቫዝሊን በግንባር ዙሪያ፣ በጆሮና በራስ ቆዳው ላይ የሚቀባውም ለዚሁ ነው።

አጠባውን በቅርብ ያየ ሰው የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ። ሪላክሰሩ በለብታ ውኃ ከታጠበ በኋላ የሚደረገው ሻምፖ ቀለም መለያ ያለው ከሆነ የመጀመሪያው አረፋ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ሮዝ ማለት ኬሚካሉ ገና ፀጉሩ ውስጥ አለ ማለት ነው። ታጥቦ ሲደገም ሮዙ ይፈዛል፤ አረፋው ፍጹም ነጭ እስኪሆን ድረስ መደጋገም ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ይበቃዋል ይባላል። በፀጉሩ ውስጥ የቀረው ቅሪት ግን ቤት ከተገባም በኋላ መብላቱን አያቆምም። ይህ ሻምፖ የሚሠራው ኬሚካሉን ማስቆም ብቻ መሆኑም ይታወቅ፤ የተፈታውን ማሰሪያ መልሶ አያስርም።

ሦስተኛው ኬሚካልን በኬሚካል ላይ መደራረብ ነው። ፀጉርን ለመጠቅለል ወይም ለማለስለስ የሚያገለግል፣ ታዮግላይኮሌት የሚባል ሌላ ውሕድ አለ። እሱ ሁለቱን ድኞች ያለያያል እንጂ ነቅሎ አያወጣም፤ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም መልሰው ይታሰራሉ። በሃይድሮክሳይድና በታዮግላይኮሌት የሚሠሩ ምርቶች በአንድ ፀጉር ላይ ከተገናኙ ዘለላው እዚያው ማበጠሪያው ላይ ሊቀር ይችላል። ፀጉር ቤት ስትቀይር ቀድሞ የተቀባችውን የምርት ስም የማታውቅ ሴት አደጋ ላይ ናት። ማንጫም (ብሊች) እንዲሁ ነው። ፐርኦክሳይድ የፀጉሩን ቀለም ሲያጠፋ ዳይሰልፋይዱንም ያጠፋል፤ ያንን ውኃ የሚገፋ ስስ ቅባትም ይገፈዋል። ሪላክሰርና ብሊች በአንድ ቀን የተሠራ ፀጉር ሲረጥብ ተለጥጦ አይመለስም። ይህን ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። የወደቀች ዘለላ አርጥቦ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ጤነኛዋ ከርዝመቷ ሲሶ ገደማ ተለጥጣ ትመለሳለች፤ የተጎዳችው ተለጥጣ ትቀራለች፣ ወይም ገና ስትነካ ትበጠሳለች።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ምን ይደረጋል? ፀጉር ቤት ገብታ «ፀጉሬ ተበጣጠሰ» ያለች ሴት የምትሰማው መልስ የታወቀ ነው፦ «ትሪትመንት እንሥራልሽ።» ስቲመር ሥር ተቀምጣ ትወጣለች፤ ፀጉሯ ያበራል፣ ለስልሷል። ከሁለት ሦስት እጥበት በኋላ ያው ድርቀት ይመለሳል። አታለሏት ማለት አይደለም። የተጎዳ ፀጉር ገጹ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይኖረዋል፤ በኮንዲሽነርና በማስክ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች አዎንታዊ ናቸው፤ ስለዚህ ይሳሳቡና የተነሱት ቅርፊቶች ላይ ይለጠፋሉ። ሰበቃ ይቀንሳል፣ ማበጠሪያ ይንሸራተታል፣ ብጥስጣሹ ይቀንሳል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ጥቅሙ ግን የሚቆየው ታጥቦ እስኪወጣ ነው። በመሆኑም ውድ ትሪትመንት በወር አንዴ ከማሠራት ይልቅ መጠነኛ ዋጋ ያለው ኮንዲሽነር በየእጥበቱ መጠቀም ይሻላል።

ፕሮቲን ያለባቸው ማስኮች ፕሮቲኑ በትናንሽ ቁራጭ የተከፋፈለ ከሆነ ክፍተቶችን በመጠኑ ይሞላሉ፤ ሲበዛ ግን ፀጉሩ ደርቆ ይሰበራል። ጥሬ እንቁላል የሚቀቡ አሉ። የእንቁላል ፕሮቲን ወደ ዘለላው ለመግባት በጣም ትልቅ ነው፤ ላዩ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው ኦላፕሌክስና እሱን ተከትለው የመጡት «ትስስር ጠጋኞች» የተበጠሱትን የድኝ ማሰሪያዎች እናያይዛለን ይላሉ። በብሊች ለተጎዳ ፀጉር ብዙ ሠሪዎች ያመሰግኗቸዋል። በሪላክሰር የተለወጠውን ላንቲዮኒን ግን ወደ ቀድሞው አይመልሱትም፤ የወጣው ድኝ ወጥቷል።

ቅቤስ? ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር ተለውሶ አናቱ ላይ ሲደረግለት ያላደገ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው። እናቶቻችን የሚሠሩት ነገር ትርጉም ነበረው። የጥቅልል ፀጉር ተፈጥሯዊ ወዝ በጠመዝማዛው ላይ ተንሸራቶ ጫፍ ድረስ መውረድ ይቸግረዋል፤ ቅቤ ያንን ጉድለት ይሞላል። ሰበቃ ይቀንሳል፣ ውኃ ቶሎ ገብቶ ቶሎ እንዳይወጣ ይከላከላል። በሹሩባ ሥር ሲሆን ደግሞ ፀጉሩ ለሳምንታት ሳይነካ ያርፋል፤ የድሮዎቹ ረጅም ፀጉሮች ምስጢር ከቅቤው ይልቅ ይህ ዕረፍት ይመስለኛል። ቅቤ ግን ፀጉርን «አይመግብም»፤ የሞተ ነገር አይመገብም። ወደ ዘለላው ውስጥ በመግባት ረገድም የኮኮናት ዘይት ይበልጠዋል። ሁለት ሕንዳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን አወዳድረው ፀጉር ሲታጠብ የሚያጣውን ፕሮቲን በግልጽ የቀነሰው ኮኮናቱ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ ሎሪክ አሲድ ነው፤ ይህ ቀጭን ሞለኪውል ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። በቅቤ ውስጥ ያለው ግን በመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ለተጎዳ ፀጉር ከመታጠብ በፊት ጥቂት ሰዓት ቀድሞ ኮኮናት መቀባት፣ ከታጠበ በኋላ እርጥብ እያለ ጫፉን በትንሽ ቅቤ ወይም በሌላ ቅባት ማለስለስ አብረው ይሄዳሉ። ቅባት ተቀብቶ ፔስትራ መሳብ ግን ፀጉሩን መጥበስ ነው፤ እርጥብ ፀጉር ላይ ፔስትራ ማድረግም ውስጡ ያለውን ውኃ ወደ እንፋሎት ቀይሮ ዘለላውን ከውስጥ ያፈነዳዋል።

«ኬራቲን» ወይም «ብራዚሊያን» እየተባለ የሚሸጠውን ለብቻው ማንሳት ግድ ይላል። ለተጎዳ ፀጉር መጠገኛ ተብሎ ይቀርባል፤ ብዙዎቹ ግን ፀጉሩን የሚያስተኙት ፎርማልዲሃይድ ወይም ሲሞቅ ፎርማልዲሃይድ የሚያወጣ ውሕድ ይዘው ነው። ፔስትራው ሲነካው ዓይን የሚያቃጥል፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ጭስ ይወጣል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፎርማልዲሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መደብ አስቀምጦታል፤ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2011 ለፀጉር ቤቶች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ደንበኛዋ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ትተነፍሰዋለች፤ መስኮት በሌለባት ጠባብ ክፍል የምትሠራዋ ልጅ ግን በየቀኑ። ፎርማልዲሃይድ የለበትም ተብለው በግላዮክሲሊክ አሲድ የተሠሩት ቢሆኑም ነጻ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የፈረንሳይ ሐኪሞች በእንዲህ ያለ ምርት ምክንያት ሦስት ጊዜ ኩላሊቷ የታወከ ወጣት ሴት ታሪክ አሳትመዋል።

ሪላክሰርንም ከካንሰር ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ወደ 33,500 የሚጠጉ ሴቶችን ለአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ፀጉር ማለስለሻ ተጠቅመው የማያውቁ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 1.64 በመቶ ሲሆን፣ በተደጋጋሚ የሚጠቀሙት ግን 4.05 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ዝምድና አሳየ እንጂ ምክንያቱን አላረጋገጠም፤ ቁጥሩም አሁንም ትንሽ ነው። ቢሆንም ቀባውን ለማራራቅ በቂ ምክንያት ነው።

ሁሉም ጉዳት በጊዜ አይመለስም። ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ፀጉር የሚሸሸው ጠብቆ በተሠራ ሹሩባ ወይም በተሰፋ ሂውማን ሄር መጎተት ነው፤ ሪላክሰር በተቀባ ፀጉር ላይ ሲሆን ይብሳል። ቀድሞ ከተደረሰበት ይመለሳል። ለዓመታት ከተጎተተ ወይም ቃጠሎው ጠባሳ ከተወ ግን ሥሩ ራሱ ይዘጋል፤ ያኔ ቅባት ፀጉር አያበቅልበትም። አናት መሐል ላይ እየሰፋ የሚሄድ፣ የሚያሳክክ ወይም የሚያም ባዶ ቦታ ያላት ሴት ፀጉር ቤት ሳይሆን የቆዳ ሐኪም ዘንድ፣ አዲስ አበባ ከሆነች ለምሳሌ አለርት ሆስፒታል፣ ብትሄድ ይሻላታል። ጠባሳው ሳይስፋፋ ማስቆም ይቻላል፤ የጠፋውን መመለስ ግን ከባድ ነው።

ለተጎዳው ዘንግ የሚያዋጣው የመጨረሻው ነገር መቀስ ነው። የተሰነጠቀ ጫፍ ካልተቆረጠ ስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣል። በአንድ ቀን ማሳጠር የሚከብዳት በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር እየቆረጠች፣ ሪላክሰሩን አቁማ፣ የራሷን ፀጉር ማሳደግ ትችላለች። በአንድ ዓመት አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ ፀጉር ይኖራታል። አስቸጋሪው ጊዜ ከስድስተኛው ወር በኋላ ነው፤ ሁለቱ ፀጉሮች በአንድ ራስ ላይ ሲገናኙ መስመሩ ላይ ብጥስጣሽ ይበዛል። ያኔ ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ማበጠሪያ፣ ፀጉሩ በኮንዲሽነር እርጥብ ሆኖ፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር መፍታት፣ ሹሩባውንም ላላ አድርጎ መሥራት፣ ሌሊት በሳቲን ሻሽ መጠቅለል ብዙ ይረዳል። ሻሹ ጥጥ ከሆነ ወዙን እየመጠጠ ፀጉሩን ይፈትጋል።

ሪላክሰሯን መተው የማትፈልግ ሴትም መብቷ ነው፤ ፀጉሯ የሷ ነው። በቀባና ቀባ መሐል ቢያንስ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ትተው። የምትጠቀምበትን ምርት ስምና የተቀባችበትን ቀን በስልኳ ላይ ትጻፍ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ በፊትም ሠሪዋን ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ ክሬሙ አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ ይቀባል ወይ፣ አሮጌው በኮንዲሽነር ወይም በቫዝሊን ይሸፈናል ወይ፣ አረፋው ነጭ እስኪሆን ይታጠባል ወይ። ይህን ስትጠየቅ የምትቆጣ ሠሪ ካጋጠመቻት ሌላ ፀጉር ቤት ትፈልግ።